ታንክ ውስጥ የገባው ጣሳ

የዚያችን መኪና የቤንዚን ታንክ ያስቀደድኩት እኔ ነኝ። አምቦ ውስጥ ሌላ የሚያወራ ሰው ካገኛችሁ፣ በተለይ ሜካኒኩን ካገኛችሁት፣ በጨዋነት አዳምጡትና እለፉ። እጁ የሱ ነው፤ አልክድም። ሐሳቡ ግን የኔ ነው፤ ያውም ወደ ጎጆ ከተማ በሚያወጣው ዳገት ላይ ዝናብ ደብድቦኝ፣ በንዴት ልፈነዳ ስል የመጣልኝ ሐሳብ።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። አሮጌ የጃፓን የጭነት መኪና፣ ቤንዚን ጠጪ፣ ድሮ ሰማያዊ እንደነበረች የሚያስታውሱት የኛ ቤት ሰዎች ብቻ። አባቴ በሷ ከአምቦ ጊንጪ፣ ከጊንጪ ጎጆ፣ አንዳንዴም እስከ ካቺሲ ድረስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተመላልሰዋል። ሲወጡ ጨው፣ ዘይትና ሳሙና፤ ሲወርዱ ድንችና ገብስ። እኛን ያሳደገን የጎጆ ድንች ነው ብል አላጋነንኩም። ጉልበታቸው ሲደክም ወንድሞቼ አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ የቢሮ ሰው ሆነው ስለነበር መሪውን እኔ ያዝኩ። «ሴት ልጅ በዚያ መንገድ?» ያሉት ሁሉ ቆይተው ድንቻቸውን የሚያስጭኑት በኔ ሆነ። እኔም «ሴት ልጅ በዚህ መንገድ» እያልኩ ጫንኩላቸው።

ሞተሯ ግን አረጀ። ከቤንዚኑ እኩል ዘይት ይጠጣ ጀመር። ጠዋት ስንነሳ ጭሱ ሰፈሩን ስለሚሸፍነው ጎረቤቶቻችን ልብስ የሚያሰጡት እኛ ከሄድን በኋላ ነበር። ሜካኒኩ ሥራውን ያውቃል፤ ችግሩ አፉ ከእጁ መቅደሙ ነው። ከተጋጨ መኪና የወጣ ደህና ሞተር ነበረውና እሱን ገጠመልን። የድሮው ሞተር ቤንዚኑን በካርቡራተር እየሳበ ቀስ ብሎ የሚጠጣ ነበር። አዲሱ ግን ኢንጄክሽን ነው፤ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቤንዚኑን በኃይል ይገፋለታል፣ ከዚያ እንደ ጉም ይረጭለታል። ሜካኒኩ ፓምፑን ከታንኩ ውጭ ከሥር አሰረው፤ ታንኩን ራሱን ግን አልነካውም።

«ታንክ ታንክ ነው፤ ቤንዚን ከያዘ ምን ጎደለው?» አለኝ። «ከዛሬ ወዲያ የጎጆ ዳገት ለሷ አስፋልት ነው።»

እስከ ጉደር ሄደን ሞከርናት። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ። አባቴ እንኳን፣ በቀላሉ የማይስቁት ሰውዬ፣ ጥርሳቸው ታየ።

እዚህ ላይ ስለ ዱላዋ መናገር አለብኝ። የነዳጁን መጠን የምታሳየው መርፌ የሞተችው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። አባቴ መርፌዋን በማሠራት ፈንታ ከጓሯችን አንዲት ቀጭን የባሕር ዛፍ ዱላ ቆረጡ። በታንኩ አፍ ይከቷታል፣ ያወጧታል፣ እስከ የት እንደረጠበች ያያሉ። በቢላዋ የተበጁ ምልክቶች አሏት። የታችኛው ጊንጪ ይባላል፣ መካከለኛው ጎጆ፣ የላይኛው ካቺሲ። እስከ ጎጆ ከረጠበች ጎጆ ይደረሳል ማለት ነው። ዱላዋ አርጅታ ስትሰበር ሌላ ይቆረጣል፣ ምልክቶቹ ይገለበጣሉ። «ለምን ሞልታችሁ አትነሱም?» የሚለን ሰው የኛን አገር ኑሮ አያውቅም። ቤንዚን በሚጠፋበት ጊዜ ታንክ ሞልቶ ማሳደር ለሌባ ድግስ መደገስ ነው፤ በጎማ ቱቦ መጦ ይወስደዋል። ስለዚህ የምንቀዳው ለመንገዱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነበር። ይህን ልማድ የድሮው ሞተር ችሎት ኖሯል።

አዲሱ ሞተር የመጀመሪያውን የጎጆ መንገድ ሲወጣ አባቴ አጠገቤ ነበሩ። ከጊንጪ ወጥተን፣ ኋላ ጨው ጭነን፣ ዳገቱ በጣም የሚቆምበት ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይደነድናል፤ በሁለት እግሬ ቆሜበት መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላችን ገደል ነው። አባቴ በዚያ ዕድሜያቸው በሩን ከፍተው ዘለሉ፣ ድንጋይ አቅፈው መጥተው ከጎማው ሥር ጣሉ። ቆመች። 

አባቴ መጀመሪያ ያደረጉት ዱላዋን ታንኩ ውስጥ መክተት ነው። አውጥተው አሳዩኝ፤ እስከ ጎጆ ረጥባለች።

«ቤንዚን አለ፤ ዱላ አይዋሽም» አሉ። «ሞተሩ ነው ፈሪ።»

እያዘገምን ወደ ኋላ ደልዳላው ላይ አወረድናትና ቁልፉን ሳዞረው ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳች። ጭነቱን ለሌላ መኪና አስረክበን አፍረን ተመለስን።  ግቢ ስንገባ አባቴ እንዲህ አሉኝ፤

«አንድ ጊዜ ደግማ ዳገት ላይ ከቆመች ለቆራሌው በኪሎ እሸጣታለሁ። ልጄን ገደል አፋፍ ላይ ከማያት፣ መኪናዬን ሚዛን ላይ ልያት።»

ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ደግሞ እውነታቸውን ስለሆነ ነው። ያቺ መኪና ከተሸጠች የኔ ሹፌርነት አብሮ ይሸጣል። አዲስ መኪናውን አምኖ ለሴት የሚሰጥ ባለሀብት በኛ በኩል እስካሁን አላየሁም። እኔ ደግሞ መንዳት እወዳለሁ። ከእንጀራዬ በላይ እወደዋለሁ፣ ይህን ደፍሬ ልጻፈው።

ሜካኒኩ ሞተሩን ፈታ፣ ጠረገ፣ ገጠመ። «አሁን አለቀ» አለ። እኔም ብቻዬን ጭኜ ወጣሁ። እዚያው ጠመዝማዛ ላይ፣ በዶፍ ዝናብ መሐል፣ እንደገና ጠፋች። በዚህኛው ጊዜ ድንጋዩን የጣሉልኝ በመንገዱ ዳር ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ወርጄ ጎማዋን በርግጫ መታሁት። ጎማ ግን አያመውም፤ እግሬን አመመኝ።

ደልዳላው ላይ አውርደን ካቆምናት በኋላ ከመንገዱ ዳር ካለው ቤት አንዲት እናት ብቅ ብለው «ሴኒ፣ ሴኒ! ግቢ፣ ልጄ፣ በስብሰሻል» ብለው ጠሩኝ። እሳት ዳር አስቀመጡኝ። መንገዱ ስለጨቀየ ማደሬ ነው፤ ጠጥቼም የምነዳው መኪና የለም። በጣሳ ቅራሪ ቀዱልኝ።

የጎጆ አገር ሰው እንግዳ ሲያጠጣ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። አንድ ጉንጭ ትጎነጫላችሁ፣ አንድ ጉንጭ ይጨመርላችኋል። የጣሳውን ቂጥ ማየት ለባለቤቷ ነውር ነው። እኔ እጎነጫለሁ፣ እሳቸው «ዹጊ፣ ዹጊ፣ ጠጪ እንጂ» እያሉ ይሞሉታል። ሆዴ ተነፋ፣ ጣሳዬ ግን እንደሞላ ነው። መጨረሻ ላይ እንስራው ተሟጠጠና አዘንብለው የቀረችውን ወደ አንድ ጥግ ሰብስበው ሲቀዱ አየሁ። እንስራው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ዘንብሏል፤ የኔ ጣሳ ግን ሙሉ ነው።

ጣሳውን እንደያዝኩ ደነዘዝኩ።

ዳገት ላይ ታንካችን እንደዚያ እንስራ ይዘነብላል። ቤንዚኑ የታንኩ አፍ ወዳለበት፣ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መምጠጫው ደግሞ ያለው ከፊት ነው። ዱላ አልዋሸም፤ ቤንዚን አለ፣ ግን መምጠጫው ዘንድ የለም። ፓምፑ አየር ይጎነጫል፣ ሞተሩ ይጠፋል። የድሮው ሞተር ለምን አልጠፋም? ካርቡራተሩ ሥር ትንሽ የቤንዚን ማቆሪያ ስለነበረው ነዋ! የራሱ ጣሳ ነበረው፤ ከሷ እየጠጣ ጠመዝማዛዋን ያልፍ ነበር። ለአዲሱ ጣሳ አልሰጠነውም፤ በቀጥታ ከእንስራው ጠጣ አልነው። በዚያ ላይ ኢንጄክሽን ሞተር የተላከለትን ሁሉ አይጨርስም፤ የተረፈውን በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንኩ ይመልሳል። ሜካኒኩ ያን መመለሻ የቀጠለው ታንኩ አፍ ላይ፣ ከመምጠጫው ርቆ ነው። ያ ተራፊ ቤንዚን ከታንኩ ውስጥ ባለች ትንሽ ጣሳ ውስጥ ቢወድቅ፣ ጣሳዋ እንደኔዋ ሳትጎድል ትውላለች።

«ጣሳ ነው የጎደላት!» ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ቅራሪው ናላዬ ላይ የወጣ መስሏቸው በርበሬ የነካ ቆሎ አቀረቡልኝ።

በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ጠፈፍ ሲል ጭነቱን ለሌላ መኪና አስረክቤ ባዶዋን ይዤ አምቦ ገባሁ። ወሬ ግን ከመኪና ይፈጥናል። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጎጆ ተደውሎላቸዋል። ሰላምታዬን ተቀብለው «ቆራሌው ቅዳሜ ይመጣል» አሉኝ። ጣሳውን፣ እንስራውን፣ መመለሻ ቱቦውን በአንድ ትንፋሽ አስረዳሁ።  «እስከ ቅዳሜ መኪናዋ እኔ ዘንድ ትሁን» አልኩ። «ትሁን» አሉ።

ሜካኒኩ መጀመሪያ ሳቀብኝ። ከዚያ አንገቱን አከከ። ከዚያ ጥግ ሄዶ ጊዜው ያለፈበት የእሳት ማጥፊያ ብረት አመጣ፣ ቂጡን ቆርጦ ጣሳ አደረገው። ለሐሳቤ የሰጠኝ ምስጋና ያ ነው። ጣሳዋን እግሯ ሥር በሳት፣ ቀዳዳዋ ላይ ወደ ውስጥ ብቻ የምትከፈት ቀጭን የብረት ምላስ አበጀላት፤ ቤንዚን ይገባል፣ ሲዘነብል አይወጣም። ፓምፑ ጣሳዋ ውስጥ ይቆማል፣ መመለሻው እላይዋ ላይ ይፈሳል። ሁሉም ከአንድ የብረት ክዳን ላይ ተንጠልጥሎ ታንኩ ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑ በብሎን ይታሰራል። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ጣሳዋን ከታንኩ አፍ ፈንጠር አድርጋት፣ የአባቴ ዱላ ማለፊያ አትጣ። ሜካኒኩ ሰማይ ሰማይ አየ፤ ግን አደረገው።

ቀሪው ታንኩን መቅደድና የክዳኑን መቀመጫ መበየድ ነው። የቤንዚን ታንክ መበየድ ቀልድ አይደለም፤ ትነቱ ብቻ ሰው ይገድላል። አውርደን አንጠፈጠፍነው፣ በዱቄት ሳሙና ደጋግመን አጠብነው፣ ፀሐይ ላይ አስጣነው፣ ከዚያ ትነት የሚደበቅበት ቦታ እንዳይቀር እስከ አፉ ድረስ ውኃ ሞላነው። ሜካኒኩ ላዩን በመሮ ቀስ እያለ ቀደደው። ክንዴን እስከ ክርኔ ውኃው ውስጥ ከትቼ ስዳብስ እጄ ላይ የሆነ ነገር ተጠመጠመ። ስስበው የባሕር ዛፍ ልጣጭ ነው። ደግሜ ስከት ልጣጭ፤ ደግሜ ስከት ልጣጭ። የወፍ ጎጆ የሚያህል ወጣ። የአባቴ ዱላዎች በዘመናቸው ሁሉ ያራገፉት።

አባቴ ጋራዡ በር ላይ ወንበር አስመጥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠው ነበር። የመጡት ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። ልጣጩን ወስጄ ፊታቸው ላይ አስቀመጥኩት። 

«ይኼን ሁሉ በልታ ነው ያሳደገችን?» አሉ። ከዚያ ቢላዋቸውን ከኪሳቸው አወጡና የዱላዋን ልጣጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልጠው ጣሉት።

መበየጃው ሲዘጋጅ ሜካኒኩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቆመ። ያ ሰው አንድ ሕግ አለው፤ ጉራውን የማይወዱለት እንኳን ይህን ያከብሩለታል። የቤንዚን ታንክ የሚበይደው ባለቤቱ አጠገቡ ከቆመ ብቻ ነው። «ታጥቧል የሚለኝ ሰው በራሱ ነፍስ ይማልልኝ» ይላል።

«እኔ እቆማለሁ» አልኩ።

«ባለቤቷ አንቺ ነሽ?»

 የምነዳት እኔ ነኝ፣ ያጠብኳት እኔ ነኝ፣ ያሰብኩላት እኔ ነኝ። ባለቤቷ ግን አልነበርኩም።  ስድብ አምሮኝ ነበር፣ ያውም ለሜካኒኩ ሳይሆን ለዓለም ሁሉ የሚዳረስ ስድብ።

ከበሩ በኩል የወንበር ድምፅ ተሰማ። አባቴ ተነሥተው መጡ፣ ታንኩ አጠገብ ቆሙ፣ ኮታቸውን ቆለፉ።

«ያጠበችው ልጄ ናት» አሉ። «እሷ ያጠበችው ንጹሕ ነው። በይድ።»

ከዚያ ወደኔ ዞረው «አንቺ ውጪ» አሉኝ። አልወጣሁም። ከጎናቸው ቆምኩ። በሕይወቴ የአባቴን ትእዛዝ እያየኋቸው እምቢ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሳቸውም አልደገሙትም። ክንዳቸውን ያዝኩ። ብልጭታው ተነሣ፣ ውኃው ተንተከተከ፣ ብረት ሸተተን። ሜካኒኩ ዙሪያውን ጨርሶ መነጽሩን ሲያወልቅ የሁላችንም ፊት በላብ ርሷል። አባቴ ግን «አለቀ?» ብቻ ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ሐሙስ፣ በገበያ ቀን ወጣን። ቆራሌው የሚመጣው ከነገ ወዲያ ነው። እኔ ለዛሬ እንኳን ጠርቀም አድርጌ ልቅዳ ብዬ ነበር። አባቴ አልተስማሙም።

«ሞልተሽ ብትወጪ ምን ታየ? ቤንዚን ሲበዛማ ማንም ይወጣል» አሉ። በተላጠችው ዱላ ለክተው ልክ እስከ ጎጆ፣ ጠብታ ሳያስጨምሩ፣ አስቀዱኝ። ጨውም እንደ ልማዳችን አስጫኑኝ። ፈተና ሲፈትኑ አያደሉም።

ከጊንጪ ወጣን። ዳገቱ መጣ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ከዚያ አንደኛ። ጠመዝማዛዋ መጣች። ሞተሩ ያንገራግራል ብዬ ጆሮዬ እስኪያመኝ አዳምጣለሁ። አላንገራገረም። ግማሿን አለፍን። በጣም የሚቆመው ቦታ ላይ ስንደርስ አባቴ «አቁሚ» አሉ።

«ምን?»

«አቁሚ አልኩሽ።»

አቆምኩ። የመኪናዋ አፍንጫ ሰማይ ያያል፣ ከኋላችን ገደል ነው፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። አባቴ እጃቸውን አጣምረው ፊት ለፊት ያያሉ። ቆየን። ከመንገዱ ዳር ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ድንች ያዘሉበትን ጆንያ አውርደው ያዩን ጀመር። ሞተሩ ይሠራል። የኔ ጀርባ በላብ ከመቀመጫው ጋር ተጣብቋል። ሞተሩ አሁንም ይሠራል፣ ሳል የለ፣ መንተፋተፍ የለ፤ ጣሳዋ ትሞላለች፣ እሱ ይጠጣል።

«አጥፊ» አሉ አባቴ። አጠፋሁ። «አስነሺ» አሉ።

ቁልፉን ስነካው ተነሣች። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ እየጎተተች፣ ጨውዋን ተሸክማ፣ ያቺን ጠመዝማዛ ወጣቻት። መሪዬን በጥፊ እየመታሁ እልልታዬን ለቀቅኩት። መንገድ ዳር ያሉት ሴቶች ምን እንደተገኘ ሳያውቁ ተቀበሉኝ፤ በኛ አገር እልልታ ምክንያት አይጠየቅም። ደስ አለኝ! ከሠርጌ ቀን የበለጠ ደስ አለኝ፤ ባሌ ይህን ቢያነብ ይከፋው ይሆናል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። አባቴ ስልካቸውን አወጡና ለቆራሌው ደወሉ። «አትልፋ» አሉት፤ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ዘጉት።

ጎጆ ገበያ ገባን። ብርዱ እንደ ልማዱ ነው፣ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቧል። አባቴን የማያውቅ የለም። በዚያ ገበያ ሹፌር ማለት እሳቸው ናቸው። እንደ ወትሯቸው ከሆነ ወርደው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ መቀመጫ ይቀርብላቸዋል፤ መኪናውን ወደ ኋላ እየመራ የሚያስጠጋው ሌላ ሰው ነው። ያ የረዳት ሥራ ነው። አባቴ በሹፌርነት ዘመናቸው ሁሉ ለማንም ሠርተውት አያውቁም።

ወረዱ። ሽማግሌዎቹ ቦታ ለቀቁላቸው። እሳቸው ግን በመኪናዋ ጎን አልፈው ወደ ኋላ ሄዱ፣ ጭቃው ውስጥ ገብተው ከጨው ነጋዴው መጋዘን በር ፊት ቆሙ፣ እጃቸውን አነሱ።

አንዱ ሽማግሌ «ኦቦ፣ ደግሞ ረዳት ሆኑ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«መኪናዋ የሷ ናት፤ ሹፌሯም እሷ ናት» አሉ አባቴ፣ ገበያው በሙሉ እንዲሰማ አድርገው። «ሹፌር ያለ ረዳት እንዴት ይሆናል?»

ከዚያ ጮክ ብለው ይመሩኝ ጀመር። «ነይ! ነይ! ወደ ግራ ቁረጪ! ነይ!»

በስፖኪዮው አየኋቸው፤ ቀጥሎ ግን እንባዬ ጋረደኝና ስፖኪዮውም፣ መጋዘኑም፣ ገበያውም ጠፋብኝ። ወደ ኋላ የሄድኩት በድምፃቸው ብቻ ነው፣ «በቃ!» እስኪሉኝ ድረስ።